ድንኳን የሚያህል አጋም

…ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ! ጎኔን ወጋኝ እኮ። እናንተ ደግሞ «ይቺ ሴትዮ ምን አይታ ነው እንዲህ የምትንፈቀፈቀው?» ትሉ ይሆናል። እነግራችኋለሁ። ዋናውን የሚያስቀውን ግን አሁን አላወጣውም፤ እሱ ድስት ሥር እንደተቀመጠ ሥጋ ወደ መጨረሻው ነው የሚመጣው። እስከዚያ መረቁን እየቀመሳችሁ ጠብቁኝ።

አምቦ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ግቢው የራሱ ይመስለዋል። ካርታውን አውጥቶ ያሳያችኋል፤ በስሙ ነው፣ ማኅተምም አለበት። የዋህ! ግቢ የእድር ነው። ሰው ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ያንን ሁሉ ባዶ መሬት ለምን እንደሚተው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ እንዲሮጥበት ነው? ልብስ እንዲሰጣበት ነው? የለም። ድንኳን እንዲተከልበት ነው። እኛ ቤት ስንሠራ አስቀድመን የምናስበው ሳሎኑን አይደለም፣ ኩሽናውንም አይደለም፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ከፀሐይ ተጠልሎ ንፍሮውን የሚቆረጥምበትን ቦታ ነው። በሕይወታችን በሁለት ክፍል ተጣበን እንኖራለን፤ ለሞታችን ግን ሜዳ ይዘን እንጠብቃለን። እኔ ከትምህርት ጋር የተለያየነው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ በሰላም ነው የተለያየነው፣ አልተጣላንም። ይህን ግን ማንም ሳያስተምረኝ አውቀዋለሁ። እንዲያውም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጠፍቶ እንጂ።

አፍ አውጥተው የሚናገሩት አንድ ሰው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ኦቦ ቶሎሳ የእድራችን የድንኳን ኃላፊ ናቸው። ሥራቸው ልብስ ሰፊነት ነው፤ ድንኳኑንም በየክረምቱ ማግስት ራሳቸው ናቸው የሚጥፉት። ለልክ የተፈጠረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ቤት ሲገቡ «አካም ጅርቱ» ከማለታቸው በፊት ዐይናቸው ግቢውን ይለካል። ቀጥሎ እግራቸው ይለካል። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታው። የታመመ ሰው ሊጠይቁ ሲመጡማ አይጣል ነው። ከእኛ በታች የሚኖር አንድ ሰውዬ ወገቤን ብሎ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሳለ፣ ኦቦ ቶሎሳ ደጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲራመዱ በመስኮት አይቶ በማግስቱ ሥራ ገባ ይባላል። ሐኪም ያቃተውን!

ክፉ ሰው ናቸው እንዳትሉብኝ ብቻ። አንድ ጊዜ ቦታ በሌለው ቤት ለቅሶ ተቀምጠን፣ ሰው አስፋልቱ ዳር ፈስሶ፣ ወደ ነቀምት የሚበር ኢሱዙ የጭቃውን ውሃ አንሥቶ ሐዘንተኞቹ ላይ ደፋው። ኦቦ ቶሎሳ ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ «ሰው ኖሮ አልደላው፤ ቢያንስ ሲሞት ሰፋ ብለው ይቀመጡለት።» ይህን የሚል ሰው እንዴት ይጠላል? እኔ ሞክሬ አልቻልኩም።

አሁን ወደ አጋሙ ልምጣ።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ የዛሬ ዐሥር ዓመት ግድም ባሏ ሞቶባት ከደንዲ እኔ ጋ መጣች። ልጅ አልነበራትም፤ እኔም የወለድኳቸው ርቀው ስለሄዱ ቤቱ ይጮህብኝ ነበር። ከሚኒባሱ ስትወርድ በነጠላዋ የቋጠረችውን ነገር በሁለት እጇ አቅፋ ነው። እኔ ቅቤ መስሎኝ ምራቄን ዋጥ አደረግሁ። ቤት ገብተን ስትፈታው የአጋም ፍሬ! ጥቁር፣ የበሰለ፣ ነጠላውን በቀይ ያበላሸ።

«ይሄን ተሸክመሽ ነው ከደንዲ የመጣሽው?» አልኳት።

«ከተማችሁ ወፍ የለውም አሉኝ» አለች። «ወፍ በሌለበት እኔ አልኖርም።»

ተቀምጠን በላነው። ዘሩን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ እንትፍ፣ እንትፍ እያልን። በማግስቱ ዘሩን አጥባ፣ በዚያው ቆርቆሮ አፈር ሞልታ ዘራችውና ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ ግቢው መሐል፣ ፀሐይ የሚያገኝበት አስቀመጠችው። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እውነታቸውን ነው፤ እሾህ የሚተክል ሰው ማን አይቷል? ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ጌሾ ይተከላል፤ እሾህ ግን እግዜር ይተክለዋል፣ ሰው ይነቅለዋል፤ ሥራው እንዲህ ነው የተከፋፈለው። የአጥር ጎረቤቴ ከድጃ፣ ከስልጤ መጥታ እዚህ በእህል ንግድ የከበረች ሴት፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አንቺ ዘነበች፣ ይቺ እህትሽ ጤና ናት?» አለችኝ።

«ጤና መሆኗን እኔም እየጠበቅሁ ነው» አልኳት።

ሁለት ወር ምንም የለም። ከዚያ ጥፍር የምታህል ቅጠል ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ። ችግኙ ክንድ ሲያህል «አጥሩ ዳር እንውሰደው» ብለን ቆርቆሮውን ብናነሣው እምቢ አለ። ቂጡ ዝጎ ተበስቶ፣ ሥሩ መሬት ገብቶ ኖሯል! እኛ የት እንትከለው ስንል እሱ ራሱን ተክሎ ጨርሷል። ልክ ግቢው መሐል። ልክ ድንኳኑ መሐል። እትዬ አስካለ ስቃ «ተዪው፤ ሰው አንዴ ከለመደ ከቦታው አይነቀልም» አለች። ስለ አጋሙ ትሁን ስለ ራሷ አልጠየቅኋትም።

ሁለት በጋ ብቻ የዕቃ እጣቢ አጠጣችው። ከዚያ ወዲያ ጠብታም አልሰጠችው። «አጋም ውሃ አይለምንም» ትላለች፤ «ለምኖ የሚኖረውማ ጽጌረዳ ነው።» በአምስተኛው ዓመት ከሷ ቁመት በለጠ። በስምንተኛው ድንኳን አከለ። ሲያብብ ሽታው እስከ መንገድ ይወጣል፤ ንቡ ከሩቅ እንደ ወፍጮ ቤት ይሰማል። ፍሬው ሲጠቁር ደግሞ ዋኖሱ፣ ድንቢጡ፣ ያቺ አውራ ጣት የምታህል አንገቷ የሚያብረቀርቅ ምንቃረ ረጅም፣ እነዚያ ጅራታቸውን ጎትተው ተሰብስበው የሚንጠለጠሉት፣ ሁሉም ይመጣል። እስስት ነበረን። ሸለምጥማጥም ነበረን፤ እሱ እንኳ የከድጃን ዶሮዎች እየበላ ከእኛ ጋር ስላጣላን ነበረን ባልል ይሻላል። እትዬ አስካለ የምትቀመጥባትን ዱካ ከጥላው ሥር አስጠግታ ከወፎቹ ጋር በኦሮምኛ ስታወራ ትውላለች። «በአማርኛ ለምን አታወሪያቸውም?» ብላት «ወፍ አማርኛ አይሰማም» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚሰማ ወፍ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ተረቱ «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» ይላል። እኛ ግቢ ቁልቋል አልነበረም። ስለዚህ ማልቀሱ ለኔ ደረሰኝ።

እንዴት መሰላችሁ፤ ያ ዓመት መጣ። የበልጉ ዝናብ ጭራሽ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ መጣና እንደ ባለሥልጣን ቸኩሎ ሄደ። ስሜ ዘነበች መሆኑን አትርሱ፤ በዚያ ዓመት ስሜን የጠራኝ ሁሉ የሚያላግጥብኝ ይመስለኝ ነበር። የቧንቧው ውሃ እንደ ዘመድ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ጌሾዬ ደረቀ። የከድጃ ጽጌረዳ ደረቀ። ሣሩ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። አጋሙ ብቻ፣ ያ ማንም ያልተከለው የሚመስል እሾህ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ከደንዲ እስከ አምቦ ያለው ወፍ ሁሉ ሌላ መጠጊያ አጥቶ እኛ ግቢ የሰፈረ ነው የሚመስለው። ጠዋት ጠዋት ጩኸታቸው የገበያ ቀን ነው።

በዚያው ዓመት እትዬ አስካለ ወደቀች። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን እንደገና አየ። «ቤት ብትሆን ይሻላታል» አለ። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ አራተኛ ክፍልም ይበዛል። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት። አጋሙ ፊት ለፊቷ ነው። መድኃኒቱን ስሰጣት አትውጥም፤ ወፎቹ ሲበሉ እያየች ከሆነ ግን ሾርባ ሁለት ማንኪያ ትወስድልኛለች። ስለዚህ ከወፎቹ ጋር እኩል አበላት ጀመር። ቁርስ ከዋኖሱ ጋር፣ ምሳ ከድንቢጦቹ ጋር።

ታዲያ ኦቦ ቶሎሳ ሊጠይቋት መጡ።

በመስኮቱ እያየናቸው ነው። ከበሩ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመዱ፤ አራተኛው ላይ አጋሙ እጅጌያቸውን ያዘ። ተላቀቁና በግራ ዞሩ። ያዛቸው። በቀኝ ዞሩ። ያዛቸው። ቆብ አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። እትዬ አስካለ ከአልጋዋ ሆና በዚያች በቀረቻት ድምፅ ተጣራች፤

«ኦቦ ቶሎሳ! ስንት ወጣሁ?»

አቤት ያን ቀን የሳቅነው! ኦቦ ቶሎሳ አፍረው መሬት ሊገቡ። ገብተው ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጤፍ አወሩ፣ ሲወጡ ግን እኔን ወደ ጓሮ ጠርተው «ዘነበች፣ እኔ ምቀኛ አይደለሁም። ይሄ አገምሳ፣ ይሄ አጋም ካለ ድንኳን የለም። ድንኳን ከሌለ ደግሞ ኢሱዙው አለ። አስቢበት» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ እትዬ አስካለ እጄን ያዘች። ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቷል። «በኔ ምክንያት እንዳይቆርጡት» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ዓለም ያፈራሁት እሱን ነው። እኔ ስሞት እነሱ ቤት አልባ ከሆኑ፣ ሁለት ሞት ነው።» ቃል ገባሁላት። በእናታችን ስም ገባሁላት። በሕይወቴ ብዙ ቃል ገብቼ አጥፌያለሁ፣ ማን ያላጠፈ አለ? ይሄን ግን ለማጠፍ አስቤው አላውቅም።

መፍትሔውን ያመጣችው ማን ናት ብትሉ፣ ከድጃ ናት። ያቺው ስለ ዶሮዎቿ ስንት ዓመት ስትሰድበን የኖረች ከድጃ። ሾርባ ይዛ መጥታ፣ ነገሩን ሰምታ «ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች። «የኔ ግቢ አይደለም እንዴ ባዶውን የተዘረጋው? በመሐላችን ካለው አጥር ሁለት ቆርቆሮ ማንሣት ነው፤ ድንኳኑ እኔ ጋ ይተከላል፣ ሰው በዚያ ይገባል።»

«ከድጃ፣ ሸለምጥማጡስ?» አለች እትዬ አስካለ።

«ጠላቴ ሸለምጥማጡ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ደግሞ እሱም ቢሆን ስትሄጂ ያዝንልሻል፣ ዶሮ አጉራሹ አንቺ ነሽ።»

ኦቦ ቶሎሳ ተጠሩ። የከድጃን ግቢ በቁመቱም በጎኑም ተራመዱት። ፊታቸው በራ። «ይሄማ ሜዳ ነው!» አሉ። ተስማማን፣ እጅ ተመታ። እትዬ አስካለ የዚያን ቀን አንድ ሰሐን ሾርባ ጨረሰች። እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ተኛሁ። ሰው ሞቱን አስተካክሎ ሲጨርስ እንዴት ደስ እንደሚለው አታውቁም።

አሁን ጠጋ በሉ፤ ሳቁ እየደረሰ ነው።

እትዬ አስካለ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወፎቹ ቁርስ ላይ እያሉ ሞተች። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳደርስ ዐይኗ አጋሙ ላይ ነበር፤ ማንኪያውን ስመልስም እዚያው ነበር። እሪ አልኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ቀብሩ የዚያኑ ቀን ነው፤ የደንዲ ዘመድ እስከ እኩለ ቀን ይደርሳል ተባለ። የኛን አገር ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ ሐዘንተኛ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው። አይነሣም፣ አያዝም፣ አይጠየቅም። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ከመስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ ውጭ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

ከድጃ ከአንድ ቀን በፊት በቆሎ ልትጭን ባኮ ሄዳ ነበር። በሯ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል። ለምን ይመስላችኋል? ለዶሮዎቿ። ስልኳ ቢደወል ጥሪ አይቀበልም፤ መንገድ ላይ ናት።

«በአጥሩ እንግባ፤ እሷው ፈቅዳ የለም እንዴ?» አለ ከድንኳን ተሸካሚዎቹ አንዱ።

«አብደሃል!» የኦቦ ቶሎሳ ድምፅ ነው። «ሴትዮዋ መኪና ላይ ናት። በሯ ተቆልፎ ግቢዋ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን የሚያይ ሰው ምን ይላል? ከድጃ መንገድ ላይ ቀረች ይላል! በስልክ ለዘመዶቿ መርዶዋን ያረዳሉ። በቁሟ ልታስለቅስባት ነው? መንገደኛ ቤት ድንኳን አይተከልም፤ ሟርት ነው!»

ትክክል ነበሩ። እዚያው ፍራሽ ላይ ሆኜ «ትክክል ናቸው» አልኩ በልቤ። በኛ አገር ሰው ከመንገድ ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን ካየ ገና ሳይደርስ እሪ ይላል፤ ዘመድ ካየማ ይበልጥ። ኦቦ ቶሎሳ ለከድጃ የማይደረገውን አላደርግም አሉ። መልካም ሰው፣ ጨዋ ሰው።

ቀጥሎ የሰማሁት መጥረቢያ ነው።

መጀመሪያ ጆሮዬ መሰለኝ። ሁለተኛው ሲያርፍ ወፎቹ ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ የክንፋቸው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ብድግ አልኩ። «አጋሜን! ተዉት! አጋሜን!» ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ አራት ሴቶች ወገቤን ያዙኝ። «ያዟት! ያዟት! ራሷን ልትጥል ነው!» እኔ በታገልኩ ቁጥር እነሱ ይጠነክራሉ። በጮህኩ ቁጥር እነሱም ከኔ በላይ ይጮሃሉ። «የእህቷ ነገር አሳበዳት!» ይላሉ፤ ከልባቸው እንባቸው ይወርዳል። «አጋሙን ነው የምለው፣ ውጭ ያለውን!» ብዬ ባስረዳ ማን ይስማኝ? ያን ቀን ሐዘንተኛ የሚለው ሁሉ ለቅሶ ነው። እንዲያውም የሰፈራችን አልቃሽ እማማ ተዋቡ ከማዕዘን ተነሥታ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ነገሩን በዜማ ተቀበለችኝ፤

«ወፍ የሚሰፍርባት፣ እሾህ የማይወጋት፣
አጋሜን ቆረጧት፣ አጋሜን ነቀሏት!»

ቤቱ ተደባለቀ። ሁሉም «አጋሜን! አጋሜን!» እያለ አብሮኝ ይጮሃል። ውጭ ያሉት ድንኳን ተካዮች የሴቶቹን ለቅሶ ሲሰሙ ልባቸው ተነክቶ፣ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ፣ ይበልጥ ፈጥነው ቆረጡት። ሐዘንተኛው ቶሎ ጥላ ያግኝ ብለው! አያችሁት? መቶ ሰው ስለ አጋሜ እያለቀሰ፣ አጋሜ ተቆረጠ። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ የትኛው ዛፍ አግኝቶ ያውቃል? «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ይላሉ። ያልወደቀውንስ ማን አየለት?

ኦቦ ቶሎሳ ሥራ ጀምረው የሚተዉ ሰው አይደሉም። የቀረው ጉቶ የሰው እግር እንዳይወጋ ብለው በዶማ ከነሥሩ አስነቀሉት። አጋም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ አወቁ አላወቁ እንጃ። ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ዝገት የበላው ቀለበት ወጣ። የወተት ቆርቆሮው አፍ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥሩ እንደ ጋብቻ ቀለበት አጥልቆት ኖሯል። አንዱ ሰውዬ «እንስሳ እንዳይረግጠው» ብሎ ደፉ ላይ አስቀመጠልኝ። አሁንም አለ፤ የዘይት ጠርሙስ አስቀምጥበታለሁ። ምን ላድርገው?

ቀብረናት ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ንፍሮው ቀርቦ ጠበቀን። ወስደው ያስቀመጡኝ ልክ መሐሉ ላይ ነው። ዱካዋ የነበረበት ላይ። ሰው እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል። ለየትኛው እንደሆነ ስለማይለዩ፣ እኔም ሁለቱንም በአንድ «አሜን» ተቀበልኩ።

ቅርንጫፉን ደግሞ ምን አደረጉት መሰላችሁ? መኪና እንዳያልፍ መንገዱን ዘጉበት። ከነፍሬው። ወፎቹ በማግስቱ ጠዋት መጥተው መጀመሪያ የድንኳኑ ገመድ ላይ ተሰለፉ። ወደ ታች ያያሉ፤ ሸራ። ወደ ጎን ያያሉ፤ ሸራ። ከዚያ መንገዱ ላይ የወደቀውን አገኙና ወርደው፣ ካርታ ከሚጫወቱት ወንዶች ግርጌ እየተሽሎከሎኩ ይለቅሙ ጀመር። አንድ የደንዲ አጎታችን በዱላ «እሽ!» ሲል «ተዋቸው!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይቺን ብቻ ነው ከቃሌ የጠበቅኋት። ሁለት ቀን በሉ። ፍሬው ሲያልቅ፣ ቅጠሉም ሲጠወልግ፣ አንዴ ከገመዱ ላይ ተነሥተው ሄዱ። የት ሄዱ? እኔ ምን አውቃለሁ። በዚያ በጋ የሚሄዱበት ቦታ ቢኖርማ መቼ እኛ ጋ ይመጡ ነበር?

ከድጃ በሁለተኛው ቀን ከባኮ ገባች። መንገዱን የዘጋውን እሾህ ስታይ ገባት። ጫማዋን አውልቃ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ያንን ቁልፍ ከጡቷ መሐል አውጥታ ፊቴ ወረወረችው። «ይሄን ለማን ነው ይዤ የሄድኩት?» አለች። «ለሦስት ዶሮ?» አቅፌያት አለቀስን። ያን ቀን ከሁሉ ለቅሶ እውነቱ እሱ ነበር። በነገራችን ላይ ሸለምጥማጡ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ዶሮዎቹ ሰላም ናቸው፤ እንዲያውም ተራብተዋል። ከድጃ ግን ማታ ማታ አጥሩ ጥግ ቆማ ወደኔ ግቢ ስታይ አገኛታለሁ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ስላት «ኧረ ምንም» ትላለች። ሰው ሌባውንም ይናፍቃል።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። ሸራው ተጠቀለለ፣ ካስማው ተነቀለ፣ ወንበሩ በጋሪ ተጫነ። ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኗል። ከደጃፌ እስከ አጥሩ በር ባዶ። በመስኮቱ ስታዩ ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚታየው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ደመና የሌለው ሰማይ። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ ያንን ቀለበት በጣቴ አዞራለሁ። እንባዬ አልቆ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ የመጨረሻውን ገመድ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ ልማዳቸው አይደል፣ ከበሩ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ማንም እጅጌያቸውን የያዛቸው የለም። እስከ እግሬ ድረስ መጡ። ዞሩ። በጎኑም ተራመዱት። ፊታቸው ላይ የሐዘንም የደስታም ነገር አለ፤ ልብሱ ልክ የመጣለት ሰፊ ዓይነት። አጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። በፍጹም ፍቅር፣ በፍጹም ቅንነት ነው የተናገሩት፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ሳቁ የያዘኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬም አለቀቀኝ፤

«ጀባዹ፣ በርቺ ዘነበች። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ የሁላችንም መንገድ ነው። ግቢሽ ግን ለካ እንዲህ ሰፊ ኖሯል! አይዞሽ፤ ለአንቺም ጊዜ በደንብ ይበቃል።»